ሆስፒታል የምትፈራው መኪና

«ዛሬም እንቢ አለች፣ ጋሼ» አለች ኩንኔይ በስልክ። የእግዜር ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

ስፒሪዶን በጥርሱ የነከሰውን ሽቦ ተፋና ከሰው መኪና ዳሽቦርድ ሥር እየተንፏቀቀ ወጣ። «የትኛዋ ናት እንቢ ያለችው?»

«የኛዋ ናታ! እርስዎ የሠሩልን። ባሌን ሆስፒታል ላደርስ ስወጣ እንደ ድንጋይ ደርቃ ጠበቀችኝ። ጎረቤት ለምኜ ነው ያደረስኩት።»

«የእኔ እጅ የነካው መኪና እንቢ አይልም።»

«እንግዲያው እጅዎ የነካው መኪና ግቢያችን ውስጥ ቆሞልዎታል። መጥተው ይህንኑ ይንገሩት!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ስፒሪዶን ጉረኛ ነው፤ ምን ይደበቃል። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጉራው ከሙያው አይበልጥም። በልጅነቱ በመንግሥት እርሻ ውስጥ የትራክተር መብራት ሲጠግን አደገ። እርሻው ሲፈርስ መፍቻዎቹን በከረጢት ይዞ ብርዷ ወደማይቻለው ከተማ ያኩትስክ ገባ፣ ከገበያው ጀርባ ከአንድ መኪና በላይ የማታስገባ ጋራዥ ተከራየ፣ ይኸው እዚያው ጸጉሩ ሸበተ። ሥራው መኪና ያለ ባለቤቷ እንድትነሳ ማድረግ ነው። ይህ በሌላ አገር ቅንጦት ይሆናል፤ እዚህ ግን ክረምት ከገባ በራሷ የማትነሳ መኪና ብረት ናት። ማታ ብርድ ልብሷን ኮፈኗ ላይ ደርባ ትተኛለች፣ ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ በራሷ ተነስታ ትሞቅና ትጠፋለች፣ ጠዋት ባለቤቷ ቤት ውስጥ ሻዩን እየጠጣ ሪሞቱን ሲጫን ለመንገድ ትነሳለች። ይህን የሚገጥሙ ብዙዎች ናቸው። ስፒሪዶን ግን «እኔ የገጠምኩት እኔ ከሞትኩ በኋላም ይነሳል» ይላል። ሚስቱም «አንተ ግን በሕይወት እያለህም ለቁርስ አትነሳም» ትለዋለች።

ይቺ የኩንኔይ መኪና ግን ልታዋርደው ነው። ክረምቱ ከገባ ሁለት ጊዜ መንደራቸው ድረስ ተመላልሷል። መጀመሪያ «ባትሪው ደክሟል» ብሎ ባትሪ ቀየረ። ቀጥሎ «ብርዱን የሚለካው ነው» ብሎ እሱን ቀየረ፣ የፊት ኮፈን መዘጋቱን የምታረጋግጠዋንም ትንሽ ቁልፍ አብሮ ቀየረ። ሁለቱንም ጊዜ እሱ ፊት ምንም እንዳላጠፋች ሆና ቀጥ ብላ ተነሳች። የሚገርመው ደግሞ ገበያ በሚኬድበት ቀን ትነሳለች፣ ዘመድ በሚጠየቅበት ቀን ትነሳለች፤ እንቢ የምትለው ሆስፒታል በሚኬድበት ጠዋት ብቻ ነው።

ነገሩ የሚሳቅበት አልነበረም። የኩንኔይ ባል የጁሉስታን ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ከርመዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከወንዙ ማዶ ከተማ ሄዶ ደሙ በማሽን ካልታጠበ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አንዴ ሳይሄድ ቀርቶ ሞት ደጃፍ ደርሶ ተመልሷል። በዚህ ብርድ የደረቀ ሞተር ደግሞ በሙቀት ማራገቢያ እስኪፈታ ድረስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ጁሉስታን ቆረጠ። አርብ ጠዋት እንቢ ካለች ቅዳሜ ከተማ የተከራዩት ፎቅ ቤት ይገባሉ፤ የዕቃ መኪናም ተነግሯል። እናቱ እማማ ኦግዶ ደግሞ ላማቸውን ጥለው ፎቅ ላይ እንደማይወጡ ተናግረዋል። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። እንጨት የሚፈልጥላቸው፣ ከሐይቁ የተቆረጠውን በረዶ አስገብቶ ለመጠጥ የሚያቀልጥላቸው ሰው በሌለበት ብቻቸውን ሊከርሙ ነው። ልጅና እናት መለያየታቸው በዚህች መኪና ላይ ቆመ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብሎ ስፒሪዶን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራሱ መኪና የወንዙን በረዶ አቋርጦ መጣ። በዚህ ጊዜ እዚያው አድሮ፣ ጠዋት እንቢ ስትል በዓይኑ ሊያያት ነው። እማማ ኦግዶ ባልዲ ይዘው ከላሟ በረት ሲወጡ ግቢው ውስጥ ተገናኙ።

«መጣህ ደግሞ?»

«መጣሁ እማማ። እንዴት ከረሙ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። እኔ ሪሞት አልተገጠመልኝም፣ በራሴ ነው የምነሳው።» ዓይናቸው እሱ ወደ መጣበት መኪና ሄደ። የኋላ ኮፈኑ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቁልፉ ተሰብሮ በጠፍር ታስሮ ነው የሚውለው። «የሰው ትጠግናለህ፣ ያንተዋን በጠፍር ቀፍድደህ ትዞራለህ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!»

«የኔ አላረረም እማማ፤ ሞተሯን ይስሙ እስቲ!»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ። ግባ፣ አፍንጫህ ነጥቷል።»

አልገባም። ኩንኔይን አስጠርቶ ሪሞቱን ተቀበላትና ተጫነ። ተነሳች። አጥፍቶ እንደገና ተጫነ። ተነሳች። እንዲህ ያለች መኪና በጥፊ ቢሏት ደስ ባለው።

«ማታ ስትዘጊያት ሥርዓቱን ትጠብቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ አሁንስ ጸሎት አስመሰሉት። ማርሹን ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑን መሳብ፣ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን መንቀል፣ ወርዶ በሩን መዝጋት፣ ሪሞቱን መጫን። ከዚያ እሷው ራሷ ትጠፋለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እስከ ጠዋት በሯን የነካ እጁ ይቆረጥ።»

«ጎበዝ።» ይህን ሥርዓት የሚያጠብቀው በከንቱ አይደለም። ማርሿ በእጅ የምትቀየር መኪና ናት፤ ማርሽ ውስጥ ተትታ በራሷ ከተነሳች ዘልላ ትሄዳለች። ስፒሪዶን ገና ጀማሪ ሳለ አንዷ እንዲህ ዘልላ የሰው አጥር ጥሳ የድርቆሽ ክምር ውስጥ ገብታበት ነበር፤ ያን ቀን የሰማው ስድብ እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ። ስለዚህ እሱ የሚገጥመው መሣሪያ ከተዘጋ በኋላ መኪናዋ ከተከፈተች «አንድ ሰው ገብቶ ማርሽ ነክቶ ይሆናል» ብሎ ይጠረጥርና ሥርዓቱ እንደገና እስኪደገም ድረስ አይነሳም።

«ሌባ እንዳይሆን የሚከፍታት? ጩኸቱ ይሠራል?»

«ጩኸቱንማ እርስዎ ራስዎ አጥፍተውልናል! ውሾቹ አብረው እያላዘኑ ጁሉስታን እንቅልፍ አጣ ብለን። ደግሞስ በዚህ ብርድ የትኛው ሌባ ነው ጓንቱን የሚያወልቀው?»

እውነቷን ነው። ስፒሪዶን ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳበሰ። የውስጥ መስተዋቱ ላይ አንዲት የፈረስ ጸጉር ተቋጥራ አየ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ኦግዶ ከበረንዳው። ጭራሽ አልገቡም ኖሯል። «ለመንገዱ ባለቤት፣ ለመንፈሱ ነው። የምድጃውንም እሳት ቅቤ አብልቻለሁ። ግን አልሆነም። እኔ ልንገርህ ስፒሪዶን፣ ሽቦ አትበጥብጥ፤ ይቺ መኪና ሆስፒታል ትፈራለች።»

«መኪና ሆስፒታል ትፈራለች?»

«አንተ አትፈራም?»

ስፒሪዶንስ ይፈራል። ጥርሱን እንኳ ለማስነቀል ሚስቱ እየገፋች ነው የምትወስደው።

ሲመሽ ኩንኔይ እሱ እያያት መኪናዋን በሥርዓቱ ዘጋቻት። ራት ላይ ከበረዶ ሥር የወጣ ነጭ ዓሣ ጥሬውን በብርዱ እንደ ደረቀ ቀርቦ በስለት ተልጎ በጨውና በርበሬ ተበላ፤ ወተት የበዛበት ሻይም ተጠጣ። ካርቶኖች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አንዱ ላይ «ሳህን» ተብሎ ተጽፏል። ስፒሪዶን ላለማየት ቢሞክርም ዓይኑ ወደዚያው ይሄድበት ነበር።

«ነገ ከተነሳች ካርቶኖቹን እኔው ራሴ እፈታቸዋለሁ» አለ።

ጁሉስታን ፊቱ እንደ ሰም ገርጥቷል፤ ድምፁ ግን አልተቆጣም። «ጋሼ፣ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም። እኔ ግን ነገ ትነሳ ይሆን አትነሳ ይሆን እያልኩ ማደር ሰልችቶኛል። ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት ቤት እፈልጋለሁ። እማዬ ብትሰማኝ ኖሮ አብረን ነበር የምንሄደው።»

«እማዬ ሰምታለች» አሉ እማማ ኦግዶ። «ሂዱ። ላሚቱን ፎቅ ላይ አላወጣት። አባትህ ያቆመውን ቤት ምድጃውን አጥፍቼ አልወጣም።»

«ብቻሽን ብትወድቂስ?»

«እነሳለሁ።»

ኩንኔይ ጽዋ እያጠበች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ማልቀሷ ነው። እማማ ኦግዶ ካፖርታቸውን ደርበው «ላሚቱን አይቼ ልምጣ» ብለው ወጡ፣ ቆየት ብለውም እጃቸውን እያሻሹ ተመለሱ።

ስፒሪዶን ምድጃው አጠገብ ተኛ። ሞተር ተነስቶ ሲያጉረመርም በእንቅልፍ ልቡ ሰማና «አልኳችሁ አይደል!» ብሎ ተገላብጦ አንኮራፋ።

ጠዋት ኩንኔይ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሪሞቱን ተጫነች። ሪሞቱ ቲት፣ ቲት፣ ቲት አለ። እንቢ ማለቱ ነው።

ስፒሪዶን ቦት ጫማውን በተቃራኒ እግሩ አጥልቆ ሮጠ። የኩንኔይ መኪና ሞተር ቀዝቅዞ በረዶ ሆኗል፣ የራሱ መኪና ግን አጠገቧ ሞቃ ቆማለች። በእንቅልፉ የሰማው የገዛ መኪናውን ነበር! ክፉኛ ደነገጠ፣ አፈረም። ጁሉስታን ተሸፋፍኖ በረንዳው ላይ ወጣና መኪናዋን አንዴ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«በቃ፣ አለቀ። ኩንኔይ፣ ለዕቃ ጫኙ ደውዪለት።»

«በኔ ሂዱ» አለ ስፒሪዶን ቁልፉን ለኩንኔይ እየሰጠ። «እኔ ከዚህች ጋር የምነጋገረው አለኝ። ማታ ስትመለሱ ምን እንደያዛት ትነግራችኋለች።»

«ቆይ፣ ዓሣውን ላውጣ» አለች ኩንኔይ። ወደ ደረቀችው መኪና ሄዳ የኋላ ኮፈኑን በቁልፍ ከፈተችና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ትልልቅ ዓሦች አወጣች።

ስፒሪዶን ወደ ኮፈኑ ተጠጋ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ለነርሶቹ ነው። እማማ ሁልጊዜ ይሰዳሉ። ጁሉስታን ‹ተይ፣ ከተማ ዓሣ ሞልቷል፣ ያፍሩብናል› ብሎ ስለከለከላቸው በድብቅ ነው የሚያስቀምጡት። እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።»

«መቼ ነው የሚያስቀምጡት?»

«እንጃ፣ ቀን ይመስለኛል። ቤት ውስጥ ይቀልጣላ።»

«ከተዘጋች በኋላ በሯን የነካ እጁ ይቆረጥ አላልሽም?»

«በሯን ማን ነካ? ይሄ እኮ የኋላ...» ኩንኔይ ዓሣውን እንዳቀፈች ቆመች። «ውይ በሞትኩት!»

«ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሰዓት አይለፍባችሁ» አለ ስፒሪዶን። ደስታው በብርዱ ውስጥ እንኳ አሞቀው። ግን መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ስትርቅ ወደ ቤቱ መስኮት ዞር አለና እማማ ኦግዶን አያቸው። ልጃቸው የሄደበትን መንገድ እያዩ ነበር። ያኔ ደስታው ቀነሰበት፤ እንዴት ብሎ ይንገራቸው?

ገብቶ ሻይ ተቀበለ። ሁለት ጊዜ ፉት አለና «እማማ» አለ፣ «ትናንት ማታ ላሚቱን ሊያዩ ሲወጡ፣ በመንገድ መኪናዋን አላዩዋትም?»

«እኔ ከመኪና ጋር ምን አለኝ?»

«ዓሣው በራሱ ሄዶ ነው የገባው?»

እማማ ኦግዶ ጽዋቸውን አስቀመጡ። «ነገረችህ? እሺ፣ እኔ ነኝ። ትርፍ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው የሚሰቀለው። ሆስፒታል በሚሄዱበት ዋዜማ አስገባለሁ። ምን ታፈጥብኛለህ? ልጄ ደሙን ለማያውቃቸው ሰዎች እጅ እየሰጠ፣ እሱ ባዶ እጁን ይግባ? የኔ ልጅ? ሞቼ ነው!»

ስፒሪዶን ሊስቅም ሊያለቅስም ዳዳው። ነገሩን ከማዞር አውጥቶ መናገር ይሻላል ብሎ ነገራቸው። መኪናዋ ከተዘጋች በኋላ የኋላ ኮፈኗ ሲከፈት እንደምትጠረጥር፣ ከጠረጠረች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንደማትነሳ፣ ሆስፒታል ፈርታ እንዳልነበረ ነገራቸው።

አሮጊቷ ካርቶኖቹን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው እያዩት «እንግዲህ ልጆቼን ከቤቴ ሳስወጣ የከረምኩት እኔ ነኛ» አሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ለኔ የተተረተ ነው።»

«ኧረ ተዉ እማማ!» ስፒሪዶን ብድግ አለ። «ሥርዓቱን ለኩንኔይ አስጠናሁ፣ ለጁሉስታን አስጠናሁ። እርስዎን ‹አሮጊት ከመኪና ጋር ምን አላት› ብዬ ተውኩ። ‹በር› አልኩ እንጂ ‹ኮፈንም በር ነው› አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ የስፒሪዶን ነው፤ እኔ ደግሞ ባጠፋሁት ነገር ላይ እንኳ ተወዳዳሪ የለኝም! ካፖርትዎን ይልበሱ።»

ማራገቢያውን ኮፈኗ ሥር ከትቶ ሲያሞቃት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ስትፈታ እማማ ኦግዶን አጠገቡ አቁሞ ሥርዓቱን አሳያቸው። ዘጋት፣ የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ መልሶ ዘጋ፣ ሪሞቱን አስጨበጣቸው። «ይጫኑ።» ቲት፣ ቲት፣ ቲት። እንደገና ሥርዓቱን ደግሞ ዘጋት። «አሁን ይጫኑ።» ሞተሩ ተነሳ። እማማ ኦግዶ እንደ ሕፃን ዘለሉ።

«እንደገና!» አሉት። ደግመው፣ ደጋግመው ተጫኑ። ስፒሪዶን እግሩ እስኪደነዝዝ ድረስ አልለቀቁትም።

«ከዛሬ ጀምሮ» አላቸው፣ «ዓሣው ቀድሞ ይገባል፣ መኪናዋ በኋላ ትዘጋለች። ሪሞቱን የመጨረሻ የሚጫኑት እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ በኋላ ማንም አይነካትም።»

«ማን ወንድ ነው የሚነካት!» አሉ።

ባልና ሚስቱ ሲመለሱ ጁሉስታን እጥበቱ አድክሞት ቀጥታ አልጋው ላይ ተጋደመ። ስፒሪዶን «የኔ ስህተት ነው፣ አንድ ነገር ረስቼ...» ብሎ ሲጀምር እማማ ኦግዶ አቋረጡት።

«አንተ ዝም በል። ጁሉስታን፣ እኔ ነኝ። መኪናህን ያደረቅኋት እኔ ነኝ።» ሁሉንም ተናገሩ፣ ዓሣውንም ቁልፉንም። ሲጨርሱ እንደ ተከሳሽ ቆመው ጠበቁ።

ጁሉስታን ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ኩንኔይ ደንግጣ ተጠጋች፤ ሲያዩት ግን እየሳቀ ነው፣ እንባውም እየወረደ። «እኔ እኮ መኪናዋ ልትገድለኝ ነው ስል ነበር» አለ። «እማዬ፣ ነርሶቹ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ስሜን አይጠሩኝም። ‹ባለ ዓሣው መጣ› ነው የሚሉኝ። ዛሬ ደግሞ አንዷ ‹እናትህ ደህና ናት?› ብላ ጠየቀችኝ። አይታሽ አታውቅም እኮ።»

«ደህና ናት አልካት?»

«ነገ ትቻት ልሄድ ነው ማለት አቃተኝ።» ክንዱን ከፊቱ አነሳ። «ዓሣ ካለሽ አስገቢበት። ዓሣ ይዛ አድራ ነገ ከተነሳች የዕቃ መኪናውን እመልሰዋለሁ።»

ያን ምሽት እማማ ኦግዶ ግቢው ውስጥ የወታደር አዛዥ ሆነው አመሹ ማለት ይቻላል። ዓሣው ገባ፣ ኩንኔይ ማርሹን ዜሮ አድርጋ፣ ፍሬኑን ስባ ወረደች፣ አሮጊቷም ሪሞቱን በሁለት አውራ ጣታቸው ተጫኑ። ውሻው ወደ ጎማው ሲጠጋ እንኳ «ሂድ ወዲያ!» ብለው አባረሩት። ስፒሪዶንም የራሱን መኪና በዚያው ሥርዓት ዘግቶ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም መስኮቱ ላይ ተሰበሰቡ። እማማ ኦግዶ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኑ። ለአፍታ ምንም አልነበረም። ከዚያ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ተነሳ። ኩንኔይ እልል ለማለት ምንም አልቀራት፣ አማቷን አንቃ ሳመች። ጁሉስታን ስልኩን አንስቶ «ወንድሜ፣ ይቅርታህን፣ አትምጣ» አለ። ስፒሪዶንም ቃሉን ጠብቆ «ሳህን» የተባለውን ካርቶን በስለት ቀደደ፣ ሳህኖቹን መደርደሪያው ላይ መለሰ፣ «አልኳችሁ አይደል! የእኔ እጅ የነካው መኪና እንቢ አይልም!» እያለም ቤቱን አደነቆረ። ማንም አልተቃወመውም።

«በሉ ልሂድ፣ ሚስቴ ትጠብቀኛለች» ብሎ ከኪሱ የራሱን ሪሞት አወጣና በትልቅ ሰው ኩራት ተጫነ።

ቲት፣ ቲት፣ ቲት።

እንደገና ተጫነ። ቲት፣ ቲት፣ ቲት። ስፒሪዶን ቀስ ብሎ ወደ እማማ ኦግዶ ዞረ። እማማ ኦግዶ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

ወጥቶ ጠፍሩን ፈታ። የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ክንድ የሚያህል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጭ ዓሣ ተጋድሟል። ከሥሩም በከረጢት የደረቀ ቅቤ።

«እማማ!» ብሎ ጮኸ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ምን ነበር ያስተማርኩዎት?»

«የኛዋን ነው ያስተማርከኝ» አሉ እማማ ኦግዶ ከበረንዳው። «የጠፍሯን ማን ነገረኝ?»

«አሁን ግማሽ ቀን ሳሞቃት ልውል እኮ ነው!»

«እና ምን ቸገረህ፤ ምሳ ትበላለህ። ልጄን ከነሚስቱ ቤቴ ያስቀረህልኝ ሰው፣ ባዶ እጅህን ሚስትህ ጋ ልትገባ ኖሯል?»

ስፒሪዶን ዓሣውን እንዳቀፈ ብርዱ ላይ ቆመ። ከዚያ ዓሣውን ወደ ቦታው መልሶ ማራገቢያውን ሊያመጣ ሄደ።